ማቋቋም የማን ሥራ ነው?

በ1965 ዓ.ም. የወሎ ሕዝብ በረኀብ ሲያልቅ መንግሥት ነገሩን ሸሽጎት እንደ ነበር የታወቀ ነው። ከዚያ ዕልቂት በኋላ በ1966 ዓ.ም. የቆመው መሥሪያ ቤት «የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን» ይባል ነበር። ኋላ «የአደጋ መከላከልና ዝግጁነት ኮሚሽን» ሆነ፤ ዛሬ ደግሞ «የአደጋ ስጋት አመራር ኮሚሽን» ነው። «ማቋቋሚያ» የሚለው ቃል በመንገድ ወድቆ ቀረ። የቀረው ቃል ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልተቸገርን ነበር።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው ፖሊሲ እርዳታ በማጣት ሰው እንዳይሞት፣ የተጎጂውም ጥሪት እንዳይጠፋ ያዛል። መልካም ትእዛዝ ነው። ነገር ግን ድርቅ ሲገባ ገበሬው የኋላ ኋላ የሚሸጠው ምንድን ነው? በሬውን ነው፤ ያውም ሁሉም በሚሸጥበት ገበያ፣ በርካሽ። ስንዴው ደርሶ ነፍሱ ይተርፋል። ዝናቡ ሲመለስ ግን የሚጠምደው የለውም። አንድ በሬ የቀረለት ከጎረቤቱ ጋር ተቀናጅቶ ያርሳል፤ ምንም ያልቀረለት መሬቱን ለእኩል አራሽ ይሰጥና በመከር ግማሹን ምርት ቆሞ ያስጭናል። እንዲህ ያለው ሰው በሚቀጥለው ድርቅ ምን ይሸጣል? በመዝገብ ግን «እርዳታ የደረሰው» ተብሎ ተጽፏል።

በ2005 ዓ.ም. የወጣው ፖሊሲ አደጋውን እንደ ዓይነቱ ለየሚኒስቴሩ አከፋፍሏል፤ መልሶ ማቋቋምንም አልዘነጋም። ሆኖም ፖሊሲ አዋጅ አይደለም፤ ገበሬው ይዞት ዳኛ ፊት አይቆምበትም።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን መሬት ተንሸራቶ ከ200 በላይ ሰው ሲያልቅ፣ ከሟቾቹ ብዙዎቹ የተቀበሩትን ለማውጣት ሲቆፍሩ ሁለተኛው ናዳ የደረሰባቸው ነበሩ። ለጎረቤቱ ነፍሱን የሚሰጥ ሕዝብ ደግነት አላጣም። ከእንዲህ ያለ ተዳፋት ለሚነሣ ቤተሰብ ግን ቤት ብቻ አይበቃውም፤ የሚያርሰው መሬት፣ መሬቱም በስሙ የተጻፈበት ደብተር ያስፈልገዋል። ይህን ደግሞ መዋጮ አይሰጥም፤ ሕግ ነው የሚሰጠው።

ስለዚህ አንድ አዋጅ እንጠይቃለን። አደጋ በደረሰበት ወረዳ ሁሉ ማቋቋምን የሚመራ አንድ ኃላፊ በስሙ ይሰየም፤ ዘርና የእርሻ በሬ ከሰኔ በፊት ይድረስ፤ ያልደረሰው ሰው የሚከስበት አንቀጽ ይኑር። በጀቱም ከእርዳታው ተለይቶ ይያዝ፤ በአንድ ከረጢት ከሆነ ስንዴው ሁሉን ይበላዋልና።