ነጩን እንጨት ለምን እናጠቁረዋለን?

የእህቴ ልጅ ከፓሌት እንጨት የመጻሕፍት መደርደሪያ ሠራ። መጋጠሚያው ጥብቅ ነው፤ የፓይን ጣውላው በመላጊያ ተልጎ፣ በብርጭቆ ወረቀት ለስልሶ፣ ጉጦቹ እንኳ ሳይቀሩ ያምራሉ። እንጨቱን ሲመርጥም ተጠንቅቋል። ማኅተሙ ላይ «ኤች ቲ» የሚል ያለበትን፣ ማለትም ውስጡ ድረስ 56 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ ለ30 ደቂቃ በሙቀት የታከመውን ብቻ ወስዶ፣ «ኤም ቢ» የሚለውን በመርዝ ጋዝ የታጠነ ትቶታል። እኔ በሥራው እየተደሰትኩ ሳለሁ ልጁ «ጋሼ፣ ምን ከለር ልቀባው?» አለኝ። አፌን ሳልከፍት እናቱም፣ ጎረቤቶቿም፣ ለቡና የተሰበሰበው ሰው ሁሉ በአንድ ድምፅ «ዋንዛ ከለር!» አለ።

ይህን ዓምድ የምትከታተሉ ከጥቁር ቡናማ ቫርኒሽ ጋር ያለኝን የቆየ ጠብ ታውቃላችሁ። ቡፌው፣ አልጋው፣ የቴሌቪዥን ማስቀመጫው፣ የበሩ መቃን ሁሉ አንድ መልክ ይዞ የሳሎኑን ብርሃን ይውጠዋል። ግድግዳውን ነጭ ቀብተን፣ አምፖል ጨምረን፣ መጋረጃ ገልጠን ያመጣነውን ብርሃን በአንድ ጣሳ ቀለም መልሰን እናጠፋዋለን። «ያልተቀባ እንጨት ያላለቀ ሥራ ይመስላል» የሚለውን መከራከሪያ በዚያ ቀንም ሰማሁት። ያላለቀ ሥራ ማለት በደንብ ያልተላገ፣ ውኃና እድፍ እንዳያበላሸው ምንም ያልተደረገለት ነው። መልኩ መንጣቱ ጉድለት አይደለም።

ፓይን ደግሞ ጥቁር ከለር የሚቀበል እንጨት አይደለም። ጣውላውን ቀረብ ብላችሁ እዩት። ነጣ ያለው ሰፊ መስመር በእድገቱ ወቅት መጀመሪያ ቶሎ የበቀለው ነው፤ ለስላሳና መጣጭ ነው። ጠቆር ያለው ቀጭን መስመር በወቅቱ መጨረሻ የበቀለው ሲሆን ጠጣር ነው፤ ከለር ብዙም አያስገባም። ስለዚህ ጥቁር ከለር ስትቀቡት ነጩ ይጠቁራል፣ ጥቁሩ ነጣ ብሎ ይቀራል፤ ያ ሁሉ የተፈጥሮ ውበት እንደ ፎቶ ኔጋቲቭ ይገለበጣል። መምጠጡ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይም እዚህ የጠቆረ፣ እዚያ የደበዘዘ ነጠብጣብ ይወጣል። የተቆረጠው የጣውላ ጫፍ ደግሞ ከሁሉ በላይ ይጠጣና ከሰል ይመስላል። ይህን ያየ ሰው ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እጅ ይደርባል። በመጨረሻ የሚገኘው ዋንዛም ፓይንም ያልሆነ ነገር ነው።

ግድ ከለር ይኑረው የሚል ካለ ቢያንስ በወጉ ያድርገው። መጀመሪያ በአልኮል በደንብ የቀጠነ ጎማላካ አንድ እጅ ይቀባ፤ እንጨቱ ከለሩን ሚዛኑን ጠብቆ እንዲወስድ ያደርገዋል። ጉጡ ላይ ሙጫ እንዳያነባም ይረዳል። ጫፎቹን ከሌላው ክፍል በደቀቀ ብርጭቆ ወረቀት ማሸት ነው። ከሁሉ በፊት ደግሞ ከዚያው ጣውላ በተረፈ ቁራጭ ላይ፣ የላዩን ቫርኒሽ ጨምሮ መሞከር ያስፈልጋል። ሱቅ ጣሳው ላይ የተለጠፈው ሥዕል በእናንተ እንጨት ላይ ስለሚሆነው የሚነግራችሁ ነገር የለም።

ስለ ዋንዛ አንድ ነገር ልበል፤ ነገሩ ከመደርደሪያው ይልቅ እሱ ሆኖ ታየኝ። ዋንዛን እወደዋለሁ። ከበሮ የሚጠረብበት፣ ቡና የሚጠለልበት፣ ልጆች የሚጣበቀውን ፍሬውን የሚለቅሙበት ዛፍ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጥድ ጋር ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጥ ከልክሎት ነበር። ይህ ሁሉ ሆኖ የቤት ዕቃ ክብር የምንለካው አሁንም በእሱ መልክ ነው። እውነተኛውን መግዛት ያልቻለ ቤተሰብ የሌላውን እንጨት ፊት ቀብቶ ዋንዛ ነኝ እንዲል ያደርገዋል። በችግኝ የሚለማውን፣ ቶሎ የሚደርሰውን ነጭ እንጨት በራሱ መልክ ማክበር ካልጀመርን የአሮጌው ዋንዛ ገዢ አይጠፋም፤ ቆራጩም አይጠፋም። ስለዚህ ስለ ከለር የሚነሳው ክርክር የጣዕም ጉዳይ ብቻ ነው ቢሉኝ አልስማማም።

ለልጁ የነገርኩት ይህን ነው፦ ምንም ከለር አትጨምር። ነጭነቱ እንዲቆይ ከፈለግህ በውኃ የሚቀጥን፣ የማያብረቀርቅ ቫርኒሽ በስሱ ቀባው። ሞቅ ያለ መልክ ከወደድክ የተልባ ዘይት አለልህ። ተልባ በየጓዳችን ያለ እህል ነው፤ ዘይቱ ለእንጨት እንደሚሆን የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። ጥሬው ለመድረቅ ብዙ ቀናት ይፈጃል፤ ማድረቂያ የተጨመረበት ለእንጨት ተብሎ የሚሸጠው ግን ቶሎ ይደርቃል፤ እሱ ለምግብ አይሆንም። በጨርቅ ስስ አድርገህ ቀባ፣ ጥቂት ጠብቀህ ያልገባውን ሁሉ ጥረግ፤ ካልጠረግከው ሲያጣብቅ ይኖራል። ከዚያ ሥራውን ለብርሃን ተውለት። ፓይን በጊዜ ብዛት ራሱ ወደ ማር መልክ ይሄዳል፤ ያንን መልክ ከጣሳ መግዛት አያስፈልግም።

እህቴ ቀጥሎ የቡና ጠረጴዛ እንዲሠራላት ትፈልጋለች። እዚያ ላይ ዘይቱም ጎማላካውም አይበቃም። ትኩስ ጀበና የተቀመጠበት ጎማላካ ነጭ ቀለበት ያወጣል፤ አልኮል ከፈሰሰበትም ይሟሟል። ለጠረጴዛ ፖሊዩሬታን ቫርኒሽ ይሻላል፦ ሦስት ስስ እጅ፣ በየመካከሉ ደቀቅ ባለ ብርጭቆ ወረቀት ቀለል አድርጎ እያሹ። ወፍራም አንድ እጅ ቀብቶ ለመገላገል የሚሞክር የሚያተርፈው እንባ መስሎ የረጋ ጠብታ ነው። ይህም ቢሆን ያለ ከለር!

ስለ ተልባ ዘይት የጻፍኩ ሰው ስለ ጨርቁ ሳልናገር ብቀር በአንባቢ ላይ ግፍ መሥራት ነው። ዘይቱ የሚደርቀው ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ነው፤ ሲደርቅም ሙቀት ያወጣል። ተጨማዶ ጥግ በተጣለ ጨርቅ ውስጥ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ይጠራቀምና ማንም ክብሪት ሳይጭር እሳት ያስነሳል። ጨርቁን ደጅ አንድ በአንድ ዘርግታችሁ አድርቁት፤ ካልሆነም ውኃ ውስጥ ንከሩት። ልጁ የሚሠራው በሳሎኑ ጥግ፣ የመጋዝ ብናኝ በተከመረበት ነው። እናም ዘይቱን ከመግዛቱ በፊት ጨርቁን የሚያሰጣበት ገመድ ግቢው ውስጥ እንዲወጥር አደረግሁት።