ድንብላሉን አትንቀሉት

የጎመን ቅጠል ተጨማዶ ጀርባው በአመድማ ክሽክሽ ሲወረር ቀድሞ ትዝ የሚለን የሚረጭ መድኃኒት ነው። እኔ ግን አበባ ይቅደም ባይ ነኝ። ክሽክሽን አድኖ የሚጨርስ ነፍሳት በየአካባቢው አለ፤ የአበባ ዝንብ። ቢጫና ጥቁር መስመሩን አይቶ ተርብ ነው ብሎ የሚሸሸው ብዙ ነው፤ ነገር ግን አይናደፍም፣ ንብ አራት ክንፍ ሲኖራት እሱ ያለው ሁለት ብቻ ነው፣ አየር ላይም አንድ ቦታ ቀጥ ብሎ መቆም ይችላል። ክሽክሹን የሚበላው ታዲያ ትሉ እንጂ ዝንቡ አይደለም። እናቲቱ የምትኖረው በአበባ ወለላና በብናኝ ነው፤ ከብናኙ ፕሮቲን ካላገኘች እንቁላሏ አይጎለምስም። ስትጠግብ ክሽክሽ የፈላበትን ቅጠል ፈልጋ ነጫጭ እንቁላሏን አንድ በአንድ ትጥላለች። የሚፈለፈለው ትል እግርም ዓይንም የለውም። ጭንቅላቱን ወዲያ ወዲህ እያወዛወዘ ክሽክሹን ሲነካው ይይዘዋል፣ ከቅጠሉ ነጥሎ ወደ ላይ ያነሳዋል፣ ፈሳሹን መጥጦ ባዶ ቆዳውን ይጥላል። አንዱ ትል እስኪያድግ በመቶዎች የሚቆጠሩትን ሊጨርስ ይችላል። አበባ በሌለበት ማሳ ግን እናቲቱ የምትቆይበት ምክንያት የላትም። ያገኘነው አበባ ሁሉ አይሆንም፤ አፏ አጭር ስለሆነ ወለላው ከጥልቅ የተቀበረ አበባ አይጠቅማትም። የድንብላልና የእንስላል ጥቃቅን ክፍት አበቦች ግን ይስማሟታል።

«አበባ መሬት ይሻማል» የሚለው ተቃውሞ ቀላል አይደለም፤ መልሱን ግን በካሊፎርኒያ ሳሊናስ ሸለቆ ማየት ይቻላል። እዚያ ያለ ሰው ሠራሽ ኬሚካል ሰላጣ የሚያመርቱ ገበሬዎች ክሽክሹ በሰላጣው እምብርት ስለሚደበቅባቸው አሊሰም የተባለች ነጭ አበባ በማሳው ይተክላሉ። ለዚህም ከመሬቱ ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚለቁ ነበሩ። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ተመራማሪ ኤሪክ ብሬናን ግን አበባዋን በሰላጣው መካከል ጣል ጣል አድርጎ በመትከል፣ አንድም የሰላጣ ችግኝ ሳይቀነስ መሥራት እንደሚቻል አሳይቷል።

አበባው ይዘገያል የሚሉም እውነት አላቸው። ሴቷ ክሽክሽ ያለ ወንድ ስለምትወልድ በፍጥነት ትበዛለች፤ ማሳው ከተወረረ በኋላ የሚዘራ አበባ አያድነውም። መድኃኒቱ ግን ክሽክሹን ሲገድል ትሉንም አብሮ ይገድላል፣ የተረፈው ክሽክሽም ጠላቱ በሌለበት ማሳ ዳግም ይፈላል። ስለዚህ ድንብላሉ ጎመኑ ከመተከሉ አስቀድሞ በመደቡ ዳር ይዘራ፤ ቅጠሉ ሲለቀምም ጥቂት እግር ሳይነካ እስኪያብብ ይተው። አበባው ሲረግፍ የሚያፈራው ፍሬ ደርቆ ለበርበሬው ቅመም ይገባል፤ የተያዘለትም መሬት ባዶውን አልከረመም።