የጠፋው ቢጫ መስመር

ልጄ ኮምፒውተር ሳይንስ ነው የሚማረው፤ ሁለተኛ ዓመት። ማታ ማታ ሳሎን ጥግ ላይ ላፕቶፑን ከፍቶ ሲቀመጥ፣ ለእኔ የሚታየኝ ጥቁር ስክሪንና በላዩ እንደ ጉንዳን የተሰለፈ ጽሑፍ ብቻ ነው። ሥዕል የለ፣ የሚጫን ነገር የለ። ተርሚናል ይሉታል፤ ትዕዛዙ በኪቦርድ ይጻፋል፣ መልሱም በጽሑፍ ይመጣል።

እኔ ደግሞ ባይገባኝም መቆጣጠሬን አልተውም። «ይሄ ጨለማ ዓይንህን ያጠፋዋል፤ ነጭ አድርገው» አልኩት። ጥቁር ስክሪን ዓይን ያጠፋል ያለኝ ማን እንደሆነ ዛሬ ብትጠይቁኝ መልስ የለኝም። ሲሰለቸው መደቡን ነጭ፣ ፊደሉን ጥቁር አደረገው። ደብተር መሰለና ደስ አለኝ።

በሳምንቱ፣ እሑድ ማታ፣ የቡድን ሥራ እስከ እኩለ ሌሊት ማስገባት ነበረበት። አራት ሆነው የሠሩትን ጊት በሚባል ፕሮግራም አንድ ቦታ ያጠራቅማሉ። የእሱ ድርሻ ግን አልሄድ አለው። ከምሽቱ አራት ሰዓት አለፈ።

«አልቀበልም ይለኛል አባዬ።»

«ለምን እንደሆነ አይነግርህም?»

«እምቢ ብሎ ዝም ነው።»

«ማሽን ያለ ምክንያት እምቢ አይልም! አንተ ማንበብ ትተሃል፤ ልብህ ስልኩ ላይ ነው» ብዬ ጮህኩበት፤ ያውም አያቱ ፊት። አልመለሰልኝም። ጆሮው ቀልቶ ወደ ስክሪኑ ዞረ።

እናቴ አጠገቡ ተቀምጣ ነበር። እንግሊዝኛ አታነብም። ጎንበስ ብላ አየችና፣ «የኔ ልጅ፣ ከቀዩ ጽሑፍ ሥር ይሄ ሁሉ ቦታ ለምን ባዶ ሆነ?» አለችው።

ባዶው ላይ ማውዙን ተጭኖ ሲጎትት ቦታው ሰማያዊ ሆነ፤ ከውስጡም ጥቂት መስመሮች ብቅ አሉ። ቢጫ ፊደል፣ በነጭ መደብ ላይ። «ሌላ ሰው ቀድሞ ያስገባው ሥራ አንተ ጋ የለም፤ መጀመሪያ እሱን አምጣና አዋህድ፣ ከዚያ ላክ» ነው የሚለው። እንደተባለው አደረገ፤ አስር ደቂቃም አልፈጀበት።

በማግስቱ አስረዳኝ። ፕሮግራሙ ለካ ቀለም አይቀባም፤ ቁጥር ነው የሚልከው። ለፊደሉ 31 ቀይ፣ 32 አረንጓዴ፣ 33 ቢጫ ነው፤ ለመደቡ ደግሞ 41፣ 42፣ 43 እያለ ይቀጥላል። ቁጥሩን ወደ ቀለም የሚለውጠው ተርሚናሉ ነው። ብዙ ፕሮግራሞች የፊደሉን ቁጥር ብቻ ልከው መደቡን ሳይነኩት ያልፋሉ። ጊት ክልከላውን በቀይ፣ ምክሩን በቢጫ ይጽፋል፤ ሁለቱም በጥቁር ላይ ይነበባሉ። ነጭ ሲሆን ግን ቀዩ ቀረ፣ ምክሩ ጠፋ።

በቁጥርም አሳየኝ። ጥቁር ፊደል በነጭ ላይ ያለው የብርሃን ልዩነት 21 ለ1 ነው። ለድረ ገጾች የወጣው ዓለም አቀፍ የተነባቢነት መመሪያ ለተራ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ1 ይጠይቃል። ድፍን ቢጫ በነጭ ላይ 1.07 ለ1 ብቻ ነው። ነጠላ ላይ ነጭ ክር ፈልግ እንደማለት ነው፤ እኔ ደግሞ ለምን አላየኸውም ብዬ ነው የተቆጣሁት።

መፍትሔው ቀላል ነው። ተርሚናሉ ቅንብር ውስጥ ለነጭ መደብ የተዘጋጁ የቀለም ስብስቦች አሉ፤ እዚያ 33 ቁጥር ወደ ቡናማ የሚጠጋ ጠቆር ያለ ቢጫ ይሆናል። እሱን መረጠ። ቀለሙን ጨርሶ ማጥፋት ወይም ወደ ጥቁሩ መመለስም ይችል ነበር። እናንተም ቤት ልጅ «ምንም አይልም» ካለ፣ ከመቆጣታችሁ በፊት ባዶው ቦታ ላይ ማውዙን ጎትት በሉት።

ይቅርታ የጠየቅኩት እናቴ ባለችበት ነው፤ የጮህኩትም እሷ ፊት ነበርና። «ነጭ አድርገው ያልከኝ እኮ አንተ ነህ» ብሎ ሳቀ። እናቴ ግን አልሳቀችም። «መጀመሪያስ ጥቁሩ ምን አደረገህ?» አለችኝ።