ያልተወለደው ጥጃ ደም

ባለፈው እሑድ ከአምልኮ በኋላ አንድ ወጣት ወንድም፣ «ፓስተር፣ በላቦራቶሪ የሚያድግ ሥጋ መጥቷል ይላሉ፤ ክርስቲያን ቢበላው ኃጢአት ይሆንበታል?» ሲል ጠየቀኝ። ብዙው ሰው በበግ በሚተዳደርበት ራቤል ጥያቄው የቅንጦት ሊመስል ይችላል። የእኔን ልብ ግን ነካው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከእንስሳ ጥቂት ሕዋሳት ይወሰዱና በፈሳሽ ምግብ ውስጥ እንዲባዙ ይደረጋል። ለብዙ ዘመን በዚህ ፈሳሽ ላይ የሚጨመረው፣ ያረገዘች ላም ስትታረድ ከማኅፀኗ ከሚወጣው ጥጃ ደም የሚለየው ውሃ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ለንደን ላይ የቀረበው የመጀመሪያው የላቦራቶሪ በርገር በዚሁ ነው ያደገው። እንስሳ ሳይታረድ ሥጋ እንበላለን የተባለው ተስፋ በማኅፀን ደም ላይ ቆሞ ነበር።

በ1977ቱ ድርቅ እኔ ልጅ ነበርኩ። አባቴ መኖ ያጣችውን በግ ሳትሞት ብሎ አረዳት፤ ሆዷ ሲከፈት ግልገል ተገኘ። ቢላዋውን አስቀምጦ ዝም አለ። ርቦን ነበር፤ ግን ማንም በደስታ አልበላም። ያ ዝምታ በሥነ መለኮት ኮሌጅ ካነበብኩት ብዙ መጽሐፍ ይልቅ አስተምሮኛል። ዘዳግም 22 ስለ እናት ወፍና ጫጩቶቿ፣ ምሳሌ 12 ጻድቅ ለእንስሳው ስለ መራራቱ የሚናገሩት በከንቱ አይደለም።

ስለዚህ ተመራማሪዎች ያንን ደም ለመተው መድከማቸው ደስ ያሰኘኛል። በምትኩ ጨው፣ ስኳር፣ ቫይታሚንና በእርሾ ወይም በባክቴሪያ የሚመረቱ የእድገት ፕሮቲኖችን ይጠቀማሉ። ፕሮቲኖቹ ውድ ናቸው፤ ለዶሮ ሕዋስ የሚስማማውም ለበሬው ላይስማማ ይችላል። ቢሆንም ሲንጋፖር በጥር 2023 እ.ኤ.አ. ያለዚህ ደም የሚያድግ የዶሮ ሥጋ እንዲመረት ፈቅዳለች።

ለወንድሜ እንዲህ አልኩት፦ በመብል አንዳችን በሌላው ላይ እንዳንፈርድ ሮሜ 14 ስለሚያስተምረን ሕግ አላወጣልህም። ነገር ግን «ይህ ማዕዴ ላይ እንዲደርስ ማን ዋጋ ከፈለ?» ብለህ ጠይቅ። ጥጃው ሲተርፍ በበግ ልጆቹን የሚያስተምረው የመንዝ ገበሬ እንዳይረሳም አስብ።

ወገኖቼ፣ ምሕረት ከደጃችን ይጀምር። ለበዓል ሴት በግ ስትገዙ ያላረገዘች መሆኗን አረጋግጡ። እግዚአብሔርን የማያውቁ ሰዎች ላልተወለደ ጥጃ ሲራሩ፣ እኛ በገዛ ጓሯችን ካልራራን ምስክርነታችን የቱ ጋ ነው?

ጸጋና ሰላም ይብዛላችሁ።