ተሸናፊው የት ይሂድ?

የቼዝ ክበባችን ያለፈው ሴሚስተር ውድድር በጥሎ ማለፍ ተካሂዶ አሸናፊው ተሸልሟል። ጭብጨባው ደማቅ ነበር፤ እኛም አጨብጭበናል። ይሁን እንጂ አዳራሹ ከተዘጋ በኋላ አንድ ጥያቄ ከመካከላችን አልወጣም። ለመሆኑ በመጀመሪያው ምሽት የተሸነፉት ጓደኞቻችን የት ደረሱ?

ነገሩን በቁጥር እንየው። የተመዘገብነው 16 ነበርን። በየጨዋታው አንድ ሰው ስለሚወጣ የጥሎ ማለፉ ጨዋታ በጠቅላላው 15 ብቻ ነው። ከ16ታችን ስምንታችን አንድ ጊዜ ተጫውተን እንሰናበታለን፤ ለፍጻሜ የሚደርሱት ሁለቱ ግን እያንዳንዳቸው 4 ጊዜ ይጫወታሉ። እንግዲህ አስቡት፤ ብዙ መጫወት የሚያስፈልገው ጀማሪው ሆኖ ሳለ ብዙ የሚጫወተው ቀድሞውንም የሚችለው ነው!

ከተሰናባቾቹ አንዱ በአራተኛው እርምጃ ማት የሆነ እጩ መምህር ነበር። ከዚያ ወዲህ በክበቡ ደጃፍ አልታየም። “ምነው ጠፋህ? ና እንጂ!” ብንለው፣ “ምን ላደርግ ልምጣ? የመጣሁት ልማር ነበር፤ ያሳያችሁኝ በሩን ነው” አለን። ቀልድ መስሎን ሳቅን። ማታ መኝታ ክፍል ገብተን ስናስበው ግን አላሳቀንም። ይህን ከጻፍነው መካከል እስከ ግማሽ ፍጻሜ የደረስን አለን፤ ያን ጊዜ ነገሩ አልታየንም ነበር።

ስለዚህ የሚቀጥለው ውድድር በሊግ ይሁን እንላለን። “16 ሰው እርስ በርሱ ከተጫወተ 120 ጨዋታ ነው፤ ማን ይዘልቀዋል?” የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ክበቡ ያለው 4 ቦርድ ብቻ ነው፤ በአንዱም ላይ የጠፋውን ወታደር የለስላሳ ቆርኪ ተክቶታል። መፍትሔው 16ቱን በችሎታ ለሁለት ምድብ መክፈል ነው። በአንድ ምድብ 8 ሰው፣ 7 ዙር፣ 28 ጨዋታ ይሆናል። አንደኛው ምድብ ማክሰኞ፣ ሁለተኛው ሐሙስ ቢጫወት 4ቱ ቦርድ ልክ ይበቃል፤ በ7 ሳምንትም ሁሉም ያበቃል። በመጨረሻ ከታችኛው ምድብ ሁለት ሰው ይወጣል፣ ከላይኛው ሁለት ይወርዳል። ያኔ ጀማሪው 7 ጊዜ ይጫወታል፤ ያውም ከአቻዎቹ ጋር።

ፕሮግራሙን ማውጣትም አይከብድም። ከ1 እስከ 8 ያሉትን ቁጥሮች በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት መጻፍ፣ 1 ቁጥርን ባለበት ማቆም፣ የቀሩትን 7 በየሳምንቱ አንድ አንድ ቦታ በክብ ማዞር ነው። በ7ኛው ሳምንት ሁሉም ከሁሉም ጋር ተገናኝቷል። ነጥቡም ላሸነፈ 1፣ አቻ ለወጣ ግማሽ፣ ለተሸነፈ 0 ነው።

ይህ የኛ ፈጠራ አይደለም። የዓለም ሻምፒዮኑን የሚገጥመው ተፎካካሪ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚለየው 8 ተጫዋቾች እርስ በርሳቸው ሁለት ሁለት ጊዜ በሚገናኙበት ውድድር ነው። ተመዝጋቢው ቢበዛብን ደግሞ በ1895 እ.ኤ.አ. ዙሪክ ላይ የተሞከረው የስዊስ ዘዴ አለ፤ በየዙሩ ተቀራራቢ ነጥብ ያላቸው ይገናኛሉ፣ ተሸንፎ የሚባረር የለም።

ሊግ የራሱ ጣጣ እንዳለው አንክድም። ሁለት ሦስት ጊዜ የተሸነፈ ሰው “ከእንግዲህ ምን ዋጋ አለው” ብሎ ይቀራል፤ የሱ መቅረት የሌላውን ነጥብ ያዛባል። ለዚህም የታወቀ ሥርዓት አለ። ከጨዋታዎቹ ግማሹን ሳያደርስ ያቋረጠ ሰው ውጤቱ ከደረጃው ስሌት ይወጣል፤ ግማሹን ጨርሶ ካቋረጠ ደግሞ ለቀሩት ተጋጣሚዎቹ ሙሉ ነጥብ ይሰጣል። ደንቡ ከመጀመሪያው ዙር በፊት ተጽፎ በዚሁ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ለጓደኛ ነጥብ መለገስም ያው ማጭበርበር ነውና በግልጽ ይከልከል።

በአገራችን ሰንጠረዥ ሲጫወቱ ተመልካቹ ዙሪያውን ከቦ ይመክር፣ ይከራከርም ነበር። ወረራ በሚባለው የመክፈቻ ክፍል ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ የፈለጉትን ያህል ያንቀሳቅሱ ነበር፤ ተራ የሚጀመረው የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ነው። በውድድር ጊዜ ምክር እንደማይፈቀድ እናውቃለን። ነገር ግን ጨዋታው ካለቀ በኋላ አሸናፊው ሮጦ ከመውጣት ይልቅ አሥር ደቂቃ ቁጭ ብሎ፣ “እዚህ ጋ ነው የሳትከው” ቢል ምን ይጎዳዋል? ጥሎ ማለፍ ለዚህ ጊዜ አይሰጥም፤ ሊግ ይሰጣል።

ይህን ሁሉ ማለታችን ለጠጠር ተጨንቀን ብቻ አይደለም። ነገ በየወረዳው ስንመደብ ከፊታችን ከሚቀመጡት ልጆች መካከል በመጀመሪያው ፈተና የሚወድቅ ይኖራል። እሱንም “ተሰናበት” ልንለው ነው? ተሸናፊን ከቦርዱ አጠገብ ማቆየት እዚህ ካልለመድን እዚያ ከየት እናመጣዋለን?

የክበቡ ኮሚቴና መምህራኖቻችን ምዝገባው ከመከፈቱ በፊት ይምከሩበት። የሚቃወመን ካለም ከዚህ ጽሑፍ ጎን ይለጥፍ፤ ቦታ ትተንለታል። ያንን በአራተኛው እርምጃ ማት የሆነውን ወንድማችንን ግን መልስ ሳንጠብቅ ሄደን እንጠራዋለን።