የደም ዓይነት ወረቀት ይዛችሁ ሚስት አትክሰሱ

ባለፈው ማክሰኞ ማታ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ደወለልኝ። "ቲቸር፣ ይቅርታ በዚህ ሰዓት" ሲል ድምፁ ደስ አላለኝም። የአራት ወር ልጁ አሞት ሐኪም ቤት ወስደውት ደሙ ሲመረመር "ኦ" ሆነ። የእሱ "ኤ" ነው፣ የሚስቱ "ቢ"። ወረቀቱን ያየ አንድ የተማርኩ ባይ ዘመድ "ኤ እና ቢ ተጋብተው ኦ ከየት ይመጣል? ነገሩን ብታጣራ ይሻልሃል" አለው። አጣራ። እንዴት አድርጎ እንደጠየቃት አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩትም። ሚስቱ ግን ልጇን ታቅፋ እናቷ ቤት ገብታለች።

(የምጽፈው አስፈቅጄው ነው። ማን እንደሆነ ለመገመት አትድከሙ።)

ዘመድየው አናዶኛል። ይበልጥ ያናደደኝ ግን ሌላ ነው። ይሄ ልጅ አስረኛ ክፍል ሳስተምረው የሚዮሲስን ደረጃዎች ከፕሮፌዝ እስከ ቴሎፌዝ እንደ ዳዊት በቃሉ የሚደግም ነበር። ፈተናውን ያረምኩት እኔ ነኝ፣ ጥሩ ማርክም ሰጥቼዋለሁ። ታዲያ ምን አስተማርኩት? ስም አስሸመደድኩት እንጂ! በገዛ ቤቱ የሚያስፈልገው ቀን ሲመጣ ከዚያ ሁሉ ሽምደዳ አንዲት ነገር አልተረፈችውም። መምህራን ጓደኞቼ ቅር ይበላችሁ አይበላችሁ፣ አብዛኞቻችን እንዲሁ ነን።

እስቲ አሁን ፈተና የለም፣ ማርክ የለም፣ ተረጋግተን እንየው።

አብዛኛው የሰውነታችን ሴል 46 ክሮሞዞም አለው። 23ቱ ከእናት፣ 23ቱ ከአባት የመጡ ናቸው፣ ስለዚህ ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው የሚገኙት። ቁስል ሲሽር ወይም ልጅ ሲያድግ ሴሉ 46ቱንም አባዝቶ ለሁለት ይከፈላል፤ ይሄ ማይቶሲስ ነው፣ እሱን እንለፈው። እንቁላል ወይም ስፐርም ሲዘጋጅ ግን ሥራው ሌላ ነው። ከእያንዳንዱ ጥንድ አንዱ ብቻ ይወሰዳል፣ ሌላው ይቀራል። ሚዮሲስ ማለት ይሄው ነው። አባት ለልጁ ያለውን ሁሉ አይሰጥም፣ ግማሹን ነው የሚሰጠው፤ የትኛው ግማሽ እንደሚደርስ ደግሞ ዕጣ ነው። ጥንዶቹ በሚለያዩበት መንገድ ብቻ እንኳ ከአንድ ሰው ከ8 ሚሊዮን በላይ የተለያየ ድርድር ሊወጣ ይችላል። "ልጁ እኔን አይመስልም" የምትሉም ይቺን ቁጥር ያዟት።

አሁን ወደ ደሙ። የደም ዓይነትን የሚወስነው ጂን ያለው 9ኛው ክሮሞዞም ላይ ነው። 9ኛ ክሮሞዞም ሁለት አለህ፣ አንዱ የእናትህ አንዱ የአባትህ። "ኤ" የሚባለው ጂን ቀይ የደም ሴል ላይ አንድ ዓይነት የስኳር ምልክት የሚለጥፍ ኢንዛይም ያሠራል። "ቢ" ሌላ ዓይነት ምልክት ያስለጥፋል። "ኦ" ግን ምንም አያስለጥፍም፣ ኢንዛይሙ ሥራ ፈት ነው። እንግዲህ አንዱ ክሮሞዞምህ ላይ "ኤ" ሌላው ላይ "ኦ" ቢኖር ላቦራቶሪው የሚያየው ምንድን ነው? የተለጠፈውን ምልክት! ወረቀትህ ላይ "ኤ" ብሎ ይጽፍልሃል። "ኦ"ዋ ከአያትህ ጀምራ ተሸሽጋ ልትመጣ ትችላለች፣ ማንም አያያትም። ሚስትህም ዘንድ ከ"ቢ"ዋ ጀርባ እንዲሁ።

ሁለታችሁም የተሸሸገችውን የያዛችሁ ከሆነ ልጃችሁ "ኤ"፣ "ቢ"፣ "ኤቢ" ወይም "ኦ" የመሆን ዕድሉ እኩል ነው፤ "ኦ" የመሆኑ ዕድል ከአራት አንድ። በየወሊዱ እንደገና ከአራት አንድ። ይሄ ተአምር አይደለም፣ ዝሙትም አይደለም፣ አስረኛ ክፍል ነው። ፖዘቲቭ እና ፖዘቲቭ ተጋብተው ኔጌቲቭ መውለዳቸውም በዚሁ መንገድ ነው።

"ወንዱ እውነቱን የማወቅ መብት የለውም ወይ?" የሚል እንደሚመጣ አውቃለሁ። አለው። ግን በምን? የደም ዓይነት አንዳንዴ "ይሄ ሰው አባት ሊሆን አይችልም" ለማለት ያስችላል እንጂ "አባቱ እሱ ነው" ማለት ፈጽሞ አይችልም። የ"ኤቢ" ወላጅ በደንቡ "ኦ" ልጅ አይወልድም፤ እሱም ቢሆን በ1952 ቦምቤይ ላይ እንደተገኘው ያለ ብርቅ የደም ዓይነት አለ፣ የናሙና መቀያየርም አለ። ቻርሊ ቻፕሊን የገጠመው ደግሞ የተገላቢጦሹ ነው። እሱ "ኦ"፣ እናትየዋ "ኤ"፣ ልጅቷ "ቢ"። ምርመራው አባት አይደለም እያለ በ1945 የካሊፎርኒያ ዳኞች "አባቷ አንተ ነህ" ብለው ፈረዱበት። ሰው አስቀድሞ በልቡ ከፈረደ ወረቀት አያነብም፤ የኛው ዘመድም እንደዚያው ነው። እውነት የሚጠራጠር ሰው የዲኤንኤ ምርመራ አለለት፣ እንግሊዛዊው አሌክ ጄፍሪስ በ1984 መንገዱን ከከፈተ ቆይቷል። ለደም መስጫ የተዘጋጀች ካርድ ግን የክስ ማስረጃ አይደለችም።

ደግሞ ለምንድን ነው ጣታችን ሁልጊዜ ወደ ሴቷ የሚጠቆመው? "ሴት ብቻ ወለደችብኝ" ብሎ የሚያማርር ወንድ ስንት ሰምታችኋል? የእናት እንቁላል የሚይዘው ኤክስ ብቻ ነው። ኤክስ ወይም ዋይ ይዞ የሚመጣው ስፐርሙ ነው። "እሱ ሴት ብቻ አስወለዳት" ሲባል ግን ሰምቼ አላውቅም።

ለተማሪዬ አራቱን ሳጥን ወረቀት ላይ ሥዬ በቴሌግራም ላኩለት። ለዘመዱም እንዲያደርስልኝ ነገርኩት። ትናንት ስደውል አልተመለሰችም፣ እናቷም አላናገሩትም። ሽማግሌ ሊልክ ነው፣ እኔንም አንዱ ሁንልኝ ብሎኛል። እሁድ እንሄዳለን። እናቷ ምን እንደሚሉኝ ከአሁኑ ይታየኛል፤ "ያስተማርከው አንተ ነህ?"