ከሰው ደም የሚቀድም የማስታወቂያ ገቢ የለም!



ውድ የመስጂድ ጀማዓዎች! ገበያ ወጥቶ እህል የሸመተ ሰው ሁሉ የሚዛንን ነገር ያውቃል። ለራሱ ሲቀበል ሞልቶ፣ ለሰው ሲሰፍር ግን አጉድሎ የሚሰጥ ነጋዴ ምን ያህል የተጠላ እንደሆነ ለማናችንም ንግግር አያስፈልገንም። ዲናችንም ነገሩን እንደ ቀላል ጥፋት አላለፈውም፤ ሚዛን አጉዳዮችን የሚያስጠነቅቅ ሱራ፣ ሱረቱል ሙጠፊፊን፣ ወርዶበታል። ዛሬ የምናነሳው ነጋዴ ግን ጤፍም ቡናም አይሸጥም። የሚሸጠው የኛን ዓይንና የኛን ጊዜ ነው። ሱቁም በየኪሳችን ባለው ስልክ ውስጥ ነው። ስሙ ፌስቡክ ነው፤ ባለቤቱ ኩባንያ ደግሞ ከ2021 (እ.ኤ.አ) ጀምሮ ሜታ ተብሎ ይጠራል።

ፌስቡክ ለተጠቃሚው በነፃ ነው። ታዲያ ገንዘቡ ከየት ይመጣል? በ2019 ኩባንያው ካስገባው ወደ 70.7 ቢሊዮን የአሜሪካ ዶላር ውስጥ 69.7 ቢሊዮን የሚሆነው ከማስታወቂያ የተገኘ ነበር። ማለትም መቶ ብር ቢያስገባ ዘጠና ስምንቱ የማስታወቂያ ነው። ማስታወቂያ የሚሸጠው ደግሞ ሰው ገፁ ላይ በቆየ ቁጥር ነው። ሰውን ከሚያቆዩት ነገሮች አንዱ ንዴት ነው። የተቆጣ ሰው ይጽፋል፣ ይመልሳል፣ ለሌላው ያጋራል፣ ደግሞም ተመልሶ ይመጣል።

ይህን የምንለው በግምት አይደለም። የኩባንያው የቀድሞ ሠራተኛ የነበረችው ፍራንሲስ ሃውገን በ2021 ይፋ ያወጣቻቸው የውስጥ ሰነዶች ያሳዩት ነው። ከ2017 ጀምሮ ፌስቡክ የቱን ጽሑፍ ከፍ አድርጎ እንደሚያሳይ ሲመዝን፣ የንዴቷን ምልክት ጨምሮ የስሜት ምልክቶችን ከተራው ላይክ አምስት እጥፍ አድርጎ ይቆጥራቸው ነበር። የራሱ ባለሙያዎች ንዴት የሚበዛባቸው ጽሑፎች ውሸትና ጥላቻ የመያዝ ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑን ነግረውታል። ኩባንያው የንዴቷን ምልክት ዋጋ ዜሮ ያደረገው ግን በ2020 መስከረም ላይ ነው። ሦስት ዓመት ያህል ንዴት ከተራው ላይክ በላይ ሲመዘን ኖረ ማለት ነው።

የዚህ ሚዛን ዋጋ በማን ላይ ወደቀ? ከብዙዎቹ መካከል በማይንማር ያሉ የሮሂንጊያ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ይገኙበታል። በዚያች አገር ለብዙው ሕዝብ ኢንተርኔት ማለት ፌስቡክ ማለት ነበር። ሙስሊሙን እንደ ውሻና እንደ ትል እየሳሉ የሚያስጠሉ ጽሑፎች ዓመታትን ሙሉ ተሰራጩበት። በ2014 በማንዳላይ ከተማ በፌስቡክ የተነዛ የሐሰት የአስገድዶ መድፈር ወሬ ሁከት አስነስቶ ሕይወት ጠፋ። የአገሪቱ ሲቪል ማህበራት ኩባንያውን ደጋግመው አስጠንቅቀዋል። ሆኖም የሮይተርስ ዘገባ እንዳጋለጠው በ2015 መጀመሪያ ላይ የበርማ ቋንቋን ችለው ጎጂ ጽሑፎችን የሚመረምሩ የፌስቡክ ሠራተኞች ሁለት ብቻ ነበሩ። ለሚሊዮኖች ሁለት ሰው! በነሐሴ 2017 ወታደሩ በዘመተ ጊዜ መንደሮች ተቃጠሉ፤ ከ700 ሺህ በላይ ሮሂንጊያዎች ድንበር ተሻግረው ወደ ባንግላዴሽ ተሰደዱ። የተባበሩት መንግስታት መርማሪ ቡድን በ2018 ማህበራዊ ሚዲያው በዚያ እልቂት ወሳኝ ድርሻ እንደነበረው ተናገረ። ፌስቡክም በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ የሚገባውን ያህል እንዳልሠራ አመነ። ማመኑ ግን የተቃጠለውን ቤት አልሠራም፣ የሞተውንም አልመለሰም።

መጋቢት 15 ቀን 2019 ደግሞ በኒውዚላንድ ክራይስትቸርች ከተማ በሁለት መስጂዶች ለጁሙዓ የተሰበሰቡ 51 ምእመናን በአንድ ታጣቂ ተገደሉ። ገዳዩ ግድያውን በፌስቡክ በቀጥታ አስተላለፈ። ኩባንያው ራሱ እንዳስታወቀው በ24 ሰዓት ውስጥ ብቻ 1.5 ሚሊዮን የቪዲዮው ቅጂዎችን አስወግዷል። አብዛኞቹ ገና ሲጫኑ የታገዱ ቢሆኑም ቁጥሩ ራሱ መሣሪያው ምን ያህል ለክፋት እንደተመቸ ይመሰክራል። ያኔ አንዳንድ የኒውዚላንድ ታላላቅ ድርጅቶች ማስታወቂያቸውን ለጊዜው አነሱ። የሕዝብ ቁጣ የኩባንያውን ኪስ መንካት የጀመረበት አንዱ አጋጣሚ ይህ ነበር።

ትልቁ ቁጣ የመጣው ግን በ2020 ነው። በአሜሪካ ጆርጅ ፍሎይድ የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ በፖሊስ ጉልበት ሥር ከሞተ በኋላ ሕዝቡ አደባባይ ወጣ። የወቅቱ ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ ተቃዋሚዎችን በጥይት የሚያስፈራራ ተደርጎ የተወሰደ ጽሑፍ ሲለጥፉ ፌስቡክ ሳይነካው ተወው። የኩባንያው ሠራተኞች ራሳቸው ሰኔ 1 ቀን ሥራ አቁመው ተቃወሙ። በወሩ አጋማሽ የጥቁር አሜሪካውያኑ የመብት ማህበር ኤንዳብልኤሲፒ እና ከለር ኦፍ ቼንጅን የመሳሰሉ ድርጅቶች በአንድነት ተነሱና ለማስታወቂያ ሰጪዎች አንድ ጥያቄ አቀረቡ፦ በሐምሌ ወር ለፌስቡክ ማስታወቂያ አትስጡ! የዘመቻው ስያሜም ጥላቻን ለትርፍ ማዋል ይቁም የሚል ነበር።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ ጥሪውን ከ1000 በላይ ኩባንያዎች ተቀበሉት። ዩኒሊቨር፣ ስታርባክስና ኮካ ኮላ በማህበራዊ ሚዲያ ላይ ማስታወቂያ ማቆማቸውን አስታወቁ። ሰኔ 26 ቀን የፌስቡክ አክሲዮን በአንድ ቀን ከ8 በመቶ በላይ ወረደ። ለዓመታት የሟቾች ቁጥር ያላስደነገጠው ኩባንያ የገንዘብ ቁጥር ሲነካ ደነገጠ። ኃላፊዎቹ ከመብት ድርጅቶች ጋር ተቀመጡ። በጥቅምት የናዚዎችን የአይሁድ ጭፍጨፋ የሚክዱ ጽሑፎችን አገደ፤ ይህን ከዚያ በፊት እምቢ ሲል የቆየ ነበር። በቀጣዩ ጥር የሲቪል መብቶችን ጉዳይ የሚከታተል ምክትል ፕሬዚዳንት ሾመ።

እዚህ ላይ ግን ራሳችንን ማታለል አይገባም። በዚያው ዓመት የኩባንያው ገቢ አልቀነሰም፤ ወደ 86 ቢሊዮን ዶላር አደገ። ምክንያቱ ግልፅ ነው። ፌስቡክ ከ8 ሚሊዮን በላይ ማስታወቂያ ሰጪዎች ነበሩት፤ መቶዎቹ ግዙፎች ተሰብስበው የሚከፍሉት ከገቢው 6 በመቶ ያህሉን ብቻ ነበር። የቀረው ከትንንሽ ሱቆችና ነጋዴዎች የሚሰበሰብ ነው። ታላላቆቹም ቢሆኑ አብዛኞቹ ወሩ ሲያልቅ ተመለሱ። ይባስ ብሎ ጥር 2025 ላይ ሜታ በአሜሪካ ከገለልተኛ መረጃ አጣሪዎች ጋር የነበረውን ሥራ እንደሚያቆምና የጥላቻ ንግግር ደንቦቹን እንደሚያላላ አስታወቀ። በሕዝብ ግፊት የተገኘ ነገር በሕግ ካልታሰረ በባለቤቱ ፈቃድ ተመልሶ እንደሚሄድ ከዚህ በላይ ማስረጃ የለም።

ኩባንያው በበኩሉ መልስ አለው። ከጥላቻ አንጠቀምም፣ ማስታወቂያ ሰጪዎችም ተጠቃሚዎችም ጥላቻን ማየት አይፈልጉም ይላል። ለደህንነት ሥራ ቢሊዮኖችን እንደሚያወጣና በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን እንዳሰማራም ይናገራል። ይህን ሙሉ በሙሉ ሐሰት ነው አንልም። ጥያቄያችን ሌላ ነው፦ ቢሊዮኖቹ የሚፈሱት ለማን ነው? በሃውገን ሰነዶች መሠረት ኩባንያው የሐሰት መረጃን ለመለየት ከመደበው በጀት 87 በመቶው ለአሜሪካ ነበር፤ ለቀረው ዓለም በሙሉ 13 በመቶ። ከተጠቃሚው ግን አብዛኛው ያለው በቀረው ዓለም ነው። ጀርመን በ2017 የጥላቻ ጽሑፍን በጊዜ ያላነሳ ድርጅትን እስከ 50 ሚሊዮን ዩሮ የሚያስቀጣ ሕግ ስታወጣ፣ በ2018 በዚያች አገር ከ1000 በላይ መርማሪዎች ተሰማርተው ተገኙ። ማይንማር ግን ሁለት ሰው ደርሷት ነበር። ሚዛኑ የጎደለው እዚህ ላይ ነው! ሕግና ገንዘብ ላለው ይሞላለታል፤ ለሌለው ይጎድልበታል።

እኛስ በየትኛው የሚዛን ጎን ነን? ሃውገን በአሜሪካ ሴኔት ፊት ስትመሰክር ከማይንማር ጎን የጠራችው ስም ኢትዮጵያ ነበር። በአገራችን በተካሄደው ጦርነት ወቅት፣ በኅዳር 2021፣ አንድ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ማንነታቸውን የሚያጋልጡና የሚወነጅሏቸው ጽሑፎች በፌስቡክ ከተለጠፉ በኋላ በቤታቸው ደጃፍ ተገደሉ። ልጃቸው ጽሑፎቹ እንዲነሱ አስቀድሞ ለኩባንያው ማመልከቱን ይናገራል። በታኅሣሥ 2022 እሱና ሌሎች ከሳሾች ሜታን በናይሮቢ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከሰሱ። ከጠየቁት አንዱ በጥላቻ ለተጎዱ ሰዎች የካሳ ፈንድ እንዲቋቋም ነው። ሚያዝያ 2025 ላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሎ ወሰነ። ሟቹ የኛ እምነት ተከታይ ነበሩ ወይስ አልነበሩም ብለን አንጠይቅም። በግፍ የፈሰሰ ደም የሁላችንም ጉዳይ ነው።

ውድ ወንድሞችና እህቶች! ይህን ሁሉ ስንል ፌስቡክ ለተገፋ ሕዝብ ያበረከተውን አንክድም። ሌላ መድረክ የተነፈገ ሁሉ ድምፁን ያሰማበት ቦታ ነው። ለዚህም ነው ይዘጋ የማንለው። መንግስት በጥላቻ ስም የተቃዋሚን አፍ እንዲለጉምም አንጠይቅም፤ እንዲህ ያለ ሥልጣን ማን ላይ እንደሚያርፍ እናውቃለንና። የምንጠይቀው ትርፉን ከኛ የሚሰበስብ ኩባንያ ኃላፊነቱንም ለኛ እንዲወጣ ነው። በዚህም መሠረት፦

1. ሜታ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን ስንት መርማሪ እንዳለው በየጊዜው በይፋ ይግለፅ!

2. በስም ወይም በአድራሻ ተለይቶ ለጥቃት የተጋለጠ ሰው አቤቱታ በሰዓታት ውስጥ በሰው ዓይን ይታይ!

3. ብጥብጥ በሚነሳበት ወቅት ንዴትን የሚያራግበው አሠራር እንዲረግብ አስቀድሞ ግልፅ ደንብ ይውጣ!

4. በናይሮቢ የተያዘው የፍርድ ሂደት ያለ መጓተት ይታይ፤ ኩባንያውም ውሳኔውን ያክብር!

ከኛስ ምን ይጠበቃል? በመጀመሪያ ጣታችንን እንቆጥብ። ካፍ ከወጣ አፋፍ የተባለው ለምላስ ብቻ አይደለም። ወሬ ሲመጣ ሳናጣራ እንዳንቀበል በሱረቱል ሑጁራት የታዘዝን ሕዝብ ነን። ያላጣራነውን ባጋራን ቁጥር ለዚያ ነጋዴ በነፃ እየሠራንለት ነው። ሁለተኛ፣ ጥላቻን የሚሰብክ ጽሑፍ ስናይ ስድብ አንመልስበት፤ ምላሻችን ያሳድገዋልና። ማስረጃውን ይዘን ለኩባንያው እናመልክት፣ ለሚመለከታቸው የመብት ድርጅቶችም እናድርስ። ሦስተኛ፣ በመካከላችን በፌስቡክ ማስታወቂያ የሚያስነግሩ ነጋዴዎች አሉ። አንዱ ብቻውን ቢያቆም ማንም አይሰማውም። የ2020 ትምህርት ግን የኩባንያው ጉልበት ያለው ከግዙፎቹ ይልቅ በሚሊዮን በሚቆጠሩ ትንንሾች እጅ መሆኑ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። በየመስጂዱ ያላችሁ ነጋዴዎች ከጁሙዓ በኋላ ተቀምጣችሁ ምከሩበት፤ ጥላቻ በሚራገብበት ጊዜ በጋራ ማስታወቂያችሁን የምታቆሙበትን መንገድ ቀይሱ። በውጭ አገራት ያላችሁም ለምትኖሩበት አገር የሕዝብ ተወካዮች ጻፉ፤ እነሱ በሕግ የሚጠይቁትን ኩባንያው ይሰማል።

በንግድ ላይ ቅር አይለንም። ነብያችን (ሰዐወ) ነጋዴ ነበሩ፤ ታማኝ ነጋዴ። ያ አርአያ የሚነግረን ትርፍ ሐላል የሚሆነው ሚዛኑ ሲሞላ ብቻ መሆኑን ነው። ከማይንማር እስከ ክራይስትቸርች፣ ከባሕር ዳር እስከ ናይሮቢ ያሉ የግፍ ሰለባዎች የሚጠይቁትም ይህንኑ ነው፦ ሚዛኑ ይሙላ! ጥያቄያቸው ጥያቄያችን ነው። በሰላማዊ መንገድና በትዕግስት፣ ነገር ግን ያለ ማቋረጥ እንጠይቃለን፤ ኢንሻአላህ መልስ እስክናገኝ!

አላሁ አክበር!